«አይዞዎት፣ እኛ እንጨርሰዋለን»፦ የሕዝብ ተወካይ ጽሕፈት ቤት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጡረታ ክፍያቸው የተቋረጠባቸው አንድ እናት ወደ ተወካያቸው ጽሕፈት ቤት መጡ እንበል። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ይዘዋል። ወጣቱ ሠራተኛ በአክብሮት ተቀብሎ ወንበር ሰጣቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል ካዳመጠ በኋላ «አይዞዎት እናቴ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አላቸው። ፊታቸው በርቶ ወጡ። ልጁ ስማቸውንና ስልካቸውን እጁ በገባች ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ነበር። ወረቀቷ ሳምንት ሳይሞላት ጠፋች። በወሩ ተመልሰው ሲመጡ ሌላ ሠራተኛ ተቀበላቸውና «ምን ፈልገው ነው?» አላቸው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩት።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ደግ ነው። ግን ይህ ሥራ በደግነት ብቻ አይሠራም። አብዛኛው ሰው የምክር ቤት አባልን የሚያየው በቴሌቪዥን፣ እጁን አውጥቶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ችግር ሲገጥመው ግን የሚያንኳኳው የምርጫ ክልሉን ጽሕፈት ቤት በር ነው። እዚያ የሚሠሩት ስህተቶች ደግሞ በየአገሩ ይመሳሰላሉ። ለአዲስ ተመራጮችና ለሠራተኞቻቸው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ላንሳ።

የሌለንን ሥልጣን ቃል መግባት

የሕግ አውጪ ሥራው ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። ጡረታ አይወስንም። ፈቃድ አያድልም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው አይቀጥርም፣ አያባርርም። ባለጉዳዩ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የማወቅ ግዴታም የለበትም። ማስረዳት ያለበት ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ ነገር። ጉዳዩን ለያዘው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል። ለምን እንደዘገየ፣ ምን ማስረጃ እንደጎደለ፣ በየትኛው መመሪያ እንደተወሰነ ይጠየቃል። ስህተት ካለ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ሳያልፍ ባለጉዳዩ ማወቅ ያለበትን ይነገረዋል። በአንዳንድ አገር ደግሞ በሩ ራሱ የሚከፈተው በተወካዩ በኩል ነው፦ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ ለፓርላማው እንባ ጠባቂ የሚቀርብ አቤቱታ በምክር ቤት አባል በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል።

ስለዚህ «እንጨርሰዋለን» በማለት ፈንታ እንዲህ ማለት ይሻላል፦ «ውሳኔው የእነሱ ነው። እኛ ለምን እንደተቋረጠ ነገ በጽሑፍ እንጠይቃለን። በሦስት ሳምንት መልስ ካልመጣ ደግመን እንጠይቃለን። መልሱ ምንም ይሁን ምን እንደውልልዎታለን።» ይህ ቃል ያነሰ ይመስላል። ግን የሚፈጸም ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ መስመር አለ። ፍርድ ቤት በያዘው ጉዳይ ለዳኛ አይደወልም፣ ደብዳቤም አይጻፍም። «ፍትሕ የጎደለባቸው ምስኪን ናቸው እኮ» የሚለው ሐሳብ ልብ ይነካል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ ለምስኪን የተደወለበት ስልክ ነገ ለባለገንዘብ ይደወልበታል። ባለጉዳዩን ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚያገኝበት መምራት ይበቃል። የፍርድ ሥርዓቱ ራሱ ከዘገየ ደግሞ እሱ የሕግና የበጀት ጥያቄ ነው፤ ምክር ቤት ይነሳል።

ሳይመዘግቡ መቀበል

ብጣሿ ወረቀት የሠራችውን አይተናል። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ፋይል ይኑረው። ምን ሆነ? መቼ? የትኛው መሥሪያ ቤት? የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? እስካሁን ምን ተሞክሯል? ከእኛ መካከል ማን ይዞታል? ቀጣዩ ቀን መቼ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። ቀን ያልተቆረጠለት ፋይል መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?» አንዳንዱ ሰው ገንዘቡን ይፈልጋል። አንዳንዱ የሚፈልገው ይቅርታ ነው። ሌላው ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ሳንጠይቅ ገምተን ከሄድን ሰውየው ያላሰበውን ጉዳይ ስናሳድድ ወራት እናባክናለን።

ዋናውን ሰነድ አይያዙ። ኮፒ ያድርጉና ዋናውን እዚያው ይመልሱ። የአንድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት በእኛ እጅ ቢጠፋ ጥፋቱን ማካካስ ከባድ ነው።

የፈቃድ ፊርማም ሳይዙ አይጀምሩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስላለ፣ የኮንግረስ አባላት ቢሮዎች ስለ አንድ ሰው ጉዳይ የፌዴራል መሥሪያ ቤትን ከመጠየቃቸው በፊት ባለጉዳዩን የፈቃድ ቅጽ ያስፈርማሉ። ሕጉ በሌለበት አገርም ቢሆን ልማዱ ጥሩ ነው። ባል የሚስቱን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ባለጉዳይዋ ሳታውቅ የሕክምና ወረቀቷ በቢሮ ለቢሮ ሲዞር መገኘት የለበትም።

ክፉ ወሬ ሲሆን ዝም ማለት

መሥሪያ ቤቱ «አይቻልም» ብሎ መልስ ላከ። ሠራተኛው ስልኩን ማንሳት ከበደው። «ነገ እደውላለሁ» እያለ ሁለት ወር አለፈ። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ባለጉዳዩ ግን በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ይግባኝ የሚልበት ጊዜ አልፎበት ሊሆን ይችላል። «አይሆንም» የሚለውም መልስ ነው። ቶሎ ይነገር፣ ምክንያቱም አብሮ ይነገር። ደብዳቤውም በኮፒ ይሰጠው።

ለማን እንደምንደውል አለመለየት

የአሜሪካ ፖለቲካ አንድ ትልቅ ትምህርት ጥሎ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1987 አምስት ሴናተሮች ቻርልስ ኪቲንግ ለሚባል ባለሀብት ብለው ከባንክ ተቆጣጣሪዎች ጋር ተገናኙ። የሰውየው የቁጠባና ብድር ተቋም እየተመረመረ ነበር። ለአምስቱም የፖለቲካ ሥራ ገንዘብ አዋጥቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቋሙ ወደቀ። የኪቲንግን ኩባንያ ቦንድ የገዙ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ አዛውንት፣ ያጠራቀሙት ገንዘብ ቀለጠ። የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ1991 ሴናተር አለን ክራንስተንን በይፋ ገሠጸ።

ሴናተሮቹ የተከራከሩት «ለመራጫችን የምናደርገውን ነው ያደረግነው» ብለው ነው። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ከውጭ ሲታይ ለጡረተኛዋ እናት የሚደወለውም ለባለሀብቱ የሚደወለውም አንድ ዓይነት ስልክ ነው። ልዩነቱ የሚለየው በቢሮው ልማድ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ አንድ ዓይነት ወረፋ፣ አንድ ዓይነት መዝገብ ካለ ለማንም ማስረዳት ይቻላል። ለአንዱ ደብዳቤ፣ ለሌላው ግን ተወካዩ ራሱ ተነስቶ ስብሰባ የሚገባለት ከሆነ ለምን እንደሆነ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሰጠ ሰው ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ የምርጫ ገንዘቡን የሚያውቅና ፋይሉን የሚይዝ ሰው አንድ መሆን የለበትም።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም «ለመሆኑ ማንን ነው የመረጥከው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በቀጥታም ሆነ በዙሪያ ጥምጥም አይጠየቅም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ ይደነግጋል፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 38 ተመሳሳይ ነገር ይላል። ያልመረጠን ሰውም መራጫችን ነው። ልጅም ቢሆን፣ ጨርሶ ድምፅ ያልሰጠም ቢሆን ያው ነው።

እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ማየት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ በትክክል የሚሠራ ቢሮም ይሳሳተዋል።

የብሪታንያን የፖስታ ቤት ታሪክ እንውሰድ። ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል፣ የፉጂትሱ ኩባንያ የሠራው የሒሳብ ሶፍትዌር በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሶፍትዌሩ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ «ገንዘብ አጉድላችኋል» ተብለው ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ተከሰሱ፣ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ብዙዎቹ አቤት ሲሉ የተነገራቸው «ይህ የገጠመው አንተን ብቻ ነው» የሚል ነበር።

ጀምስ አርበዝኖት የሚባሉ የምክር ቤት አባል ከምርጫ ክልላቸው አንድ እንዲህ ያለ አቤቱታ መጣላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጣ። ሁለት ሰዎች፣ በተለያየ መንደር፣ አንድ ዓይነት ታሪክ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ፋይል መዝጋት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ሌሎች የምክር ቤት አባላትን «እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ሰው መጥቷል?» ብለው ጠየቁ። መጥቶ ነበር። አባላቱ አብረው ግፊት ሲያደርጉ ፖስታ ቤቱ በ2012 ገለልተኛ መርማሪዎች እንዲገቡ ተስማማ። መንገዱ ከዚያም በኋላ ረጅም ነበር። ተበዳዮቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት ሄደው በ2019 ሶፍትዌሩ እንከን እንደነበረበት አስፈረዱ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ።

እስቲ ይህን ወደ ትንሽ ቢሮ እናምጣው። በወር አርባ ባለጉዳይ ይመጣል እንበል። ዘጠኙ የጡረታ ጉዳይ ነው። ከዘጠኙ ስድስቱ ስማቸው በሁለት ሰነድ ላይ በተለያየ ፊደል በመጻፉ ክፍያቸው የቆመ ነው። አንዱ ሰነድ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»። ስድስት ደብዳቤ ቢጻፍ ምናልባት ስድስቱም ይፈታሉ። ነገር ግን ሰባተኛው ሰው የተወካዩን ቢሮ አያውቅም። ስምንተኛዋ መሄጃ የላትም። መመሪያው እስካልተስተካከለ ድረስ ችግሩ ይቀጥላል። መመሪያውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት በቋሚ ኮሚቴ ፊት አስቀምጦ መጠየቅ የሚችለው ደግሞ ይኸው ተወካይ ነው። ይህ ሥልጣን ሌላ ማንም ጋ የለም።

የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። ፋይል ሲከፈት የጉዳዩ ዓይነት በአንድ ቃል ይጻፍ። በወር አንድ ጊዜ ሠራተኞቹ ተቀምጠው ይቁጠሩ። ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ነገር ካለ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለተወካዩ ይሰጥ። ስም ሳይጠቀስ። ተወካዩ ምክር ቤት ሲነሳ ያንን ገጽ ይዞ ይነሳል። ሚኒስትሩ «እንዲህ ያለ ችግር የለም» ሲል ስድስት ፋይል ያለው ሰው ዝም አይልም።

የምርጫ ክልልን በጀት እንደ ስጦታ መያዝ

አንዳንድ አገሮች ተወካዩ ለምርጫ ክልሉ የሚጠቁመው የልማት ገንዘብ አላቸው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምራለች፤ አባሉ ሥራውን ይጠቁማል፣ የሚያስፈጽመው ግን የአውራጃው አስተዳደር ነው። ኬንያ በ2003 ተመሳሳይ ፈንድ አቋቋመች። ፈንዱ ይተዳደርበት የነበረውን የ2013 ሕግ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል። ፈረንሳይ ደግሞ በ2017 የፓርላማ አባላት ያድሉት የነበረውን ገንዘብ አስቀርታለች።

ገንዘቡ መኖር አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ሰዎች ይለያያሉ። እኔ ጥርጣሬዬ ይበዛል። ተቆጣጣሪው ራሱ አስፈጻሚ ሲሆን ማን ይቆጣጠረዋል? ፈንዱ ባለበት አገር ግን ቢያንስ ድልድዩ ላይ የተወካዩ ስምና ፎቶ አይለጠፍ። የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው።

ዘመድ መቅጠርም እዚሁ ይገባል። ፈረንሳይ በዚያው በ2017 አባላት የትዳር ጓደኛንና ልጅን በረዳትነት እንዳይቀጥሩ በሕግ ከልክላለች። ሕግ ባይኖርም አያድርጉት። አንድ ሠራተኛ ሲያጠፋ መቆጣት የማይቻል ከሆነ ቢሮው ተበላሽቷል።

ርቆ መኖር፣ ወይም ደጃፉን ያለ ጥንቃቄ መክፈት

የብሪታንያ ፖለቲከኛው ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪስቶል ከተማ መራጮች ተወካይ የራሱን ፍርድ እንጂ የመራጩን ትእዛዝ መከተል የለበትም ብለው ተናገሩ። ሐሳቡ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ወደ ብሪስቶል ግን ብዙም አይመላለሱም ነበር፤ በ1780 ድጋፍ እንደሌላቸው ሲያዩ ከውድድሩ ወጡ። የራስን ፍርድ መከተል ይቻላል። ግን ቀርቦ ማስረዳት ያስፈልጋል። የተወካዩ የቀጠሮ ቀን ይታወቅ፣ አይሰረዝ። ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ይጨመር። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ምድር ቤት ይዘጋጅ።

ደኅንነት ደግሞ ቀልድ አይደለም። የብሪታንያ የምክር ቤት አባላት የነበሩት ጆ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዴቪድ ኤምስ በ2021 የተገደሉት ከመራጮቻቸው ጋር በሚገናኙበት ቀን ነው። ሠራተኛ ብቻውን ባለጉዳይ አይቀበል። ቀጠሮ አስቀድሞ ይያዝ። መውጫ በር በሠራተኛው በኩል ይሁን። ዛቻ ሲመጣ ይመዝገብ፣ ለፖሊስ ይነገር። በሩን ጨርሶ መዝጋት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ሲሄዱ ፋይሉን መርሳት

የምርጫ ዘመን ያልቃል። ሽንፈትም ይመጣል። በዚያ ሳምንት ሁሉም አዝኖ ዕቃ ሲያሽግ መሳቢያ ውስጥ ያሉ ፋይሎች ይረሳሉ። ወይም ከነሙሉ መረጃቸው ለተተኪው ይወረወራሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። ባለጉዳዩ ምስጢሩን የነገረው ለእርስዎ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው አይደለም።

ከመውጣትዎ በፊት ገና ላልተዘጋ ጉዳይ ሁሉ አጭር ደብዳቤ ይላኩ። ጉዳዩ እዚህ ደርሷል። መሥሪያ ቤቱ የላከው የመጨረሻ መልስ ተያይዟል። ይግባኝ የሚቻለው እስከዚህ ቀን ድረስ ነው። ፋይሉ ለአዲሱ ተወካይ እንዲተላለፍ ከፈለጉ ከታች ይፈርሙ። ማንበብ ለሚቸግራቸው ደግሞ ይደውሉ። ለጡረተኛዋ እናት መጀመሪያ።