እናት ወይም አባትን ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ እንዴት እናዘጋጅ?

እዚህ አሜሪካ ወላጆቻችን ለሜዲኬር ዓመታዊ ቀጠሮ ሲሄዱ የማስታወስ ችሎታቸውም ይታያል። ብዙ ክሊኒኮች ሚኒ ኮግ የሚባለውን ፈተና ይጠቀማሉ። ሦስት ቃል ይነገራቸዋል፣ ሰዓት ይስላሉ፣ ከዚያ ቃላቱን ይደግማሉ። 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለቃላቱ 3፣ ለሰዓቱ 2፣ በድምሩ 5 ነጥብ አለው። ከ3 በታች ላመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

እናቴ 2 አመጣች። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

1. መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ያዙ። ያልሰሙትን ቃል ማንም አያስታውስም።

2. ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናንተ አታስተርጉሙ። ልጅ ሳያስበው ወይ ያግዛል፣ ወይ ያበላሻል።

3. ስለ ሰዓቱ ለመርማሪውና ለአስተርጓሚው ከፈተናው በፊት ንገሩ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ነርሷ ሰዓቱ 11:10 እንዲሆን አዘዘች። እኔም «እማዬ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር አድርጊው» አልኳት። እማዬ አጭሩን ጠቋሚ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አደረገችው። አዲስ አበባ ቢሆን ትክክል ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አስራ አንድ ከአስር ስትል የኖረችው እሱን ነው። እዚህ ግን አጭሩ 11 ላይ መሆን ነበረበት። የሰዓቱ ነጥብ ወይ 2 ነው ወይ 0፣ መሃል የለውም። ዜሮ ተሰጣት። እኔ ነገሩ የገባኝ ወደ ቤት ስንነዳ ነው። እማዬ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ እንቅልፍ አጣች።

በሁለተኛው ቀጠሮ የ6 ሰዓቱን ልዩነት አስረዳሁ። አስተርጓሚዋ «አምስት ሰዓት ከአስር» አለቻት። እማዬ ጠቋሚውን 11 ላይ አሳረፈችው። 4 አመጣች።

ረዘም ያሉት ባለ 30 ነጥብ ፈተናዎች ቀንና ዓመት፣ አንዳንዶቹም ወቅት ይጠይቃሉ። የኛ ዓመተ ምሕረት በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። ሐምሌ ላይ «ክረምት ነው» ቢሉ ልክ ናቸው፤ አስተርጓሚው ግን የበረዶውን ወቅት ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ይህንንም አንድ ላይ ንገሩ።

4. ስንት ዓመት እንደተማሩ ሳታፍሩ ተናገሩ። ሞካ በሚባለው ባለ 30 ነጥብ ፈተና 26 እና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል፤ ትምህርታቸው 12 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ደግሞ 1 ነጥብ ይጨመራል። ፊደል ላልቆጠሩ እናት አንድ ነጥብ ምን ያደርጋል? እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ሰው የኩብ ሥዕል አይተው ይሳሉ ሲባሉ የሚፈተነው ትምህርት ቤት መግባታቸው ነው። እኔ ብሆን ሩዳስ የሚባለውን ፈተና እጠይቃለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ የተለያየ ቋንቋና ባህል ላላቸው ሰዎች ተብሎ የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን ሥዕል አለበት፣ ግን ትምህርት ያን ያህል አይጫነውም።

ቃላቱን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ አታስጠኗቸው። በሽታው ካለ ትደብቁታላችሁ።

5. ውጤቱ ዝቅ ቢል «የመርሳት በሽታ ያዛቸው» ማለት አይደለም። ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቢ12 እጥረት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያስረሳል። የደም ምርመራ ጠይቁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ጥሩ ውጤትም አያዘናጋችሁ። የተማረ ሰው ሙሉ ነጥብ አምጥቶ ሰፈሩ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ያያችሁትን ከነጊዜው ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፦ «ከፋሲካ ወዲህ ሁለቴ ወጥ እሳት ላይ ረስታለች»፣ «ዕቁቧን መክፈሏን ትጠይቀኛለች፣ ድሮ ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ነበረች»።