ከኮርኒሱ በላይ ምን አለ? የተደበቁ የእሳትና የጭስ መተላለፊያዎችን ፈልጎ መድፈን

ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም ያየዋል። እሳትና ጭስን አንድ ክፍል ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት ግን ግድግዳው፣ ስላቡና በሩ ናቸው። የእነሱ ጉድለት ደግሞ አይታይም። ከኮርኒስ በላይ፣ ከሻፍት (ቧንቧና ኬብል ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበት ቀጥ ያለ ክፍተት) በር ጀርባ ወይም በሽንት ቤት ቧንቧ ዙሪያ ተደብቆ ይኖራል። ሕንፃ የምታስተዳድሩ ወይም የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው።

የትኛው ግድግዳ እሳት መያዝ እንዳለበት ለዩ

ሁሉም ግድግዳ እኩል አይደለም። በቅድሚያ የሚታዩት ደረጃውን የከበበው ግድግዳ፣ የኤሌክትሪክና የሳኒታሪ ሻፍቶች፣ የጀነሬተርና የትራንስፎርመር ክፍል፣ ምድር ቤት ያለው መኪና ማቆሚያ፣ የሬስቶራንት ማብሰያ እና በየፎቁ ያለው ስላብ ናቸው። ፕላን ካላችሁ እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ አስምሩባቸው። ፕላኑ ከተሠራው ሕንፃ ጋር ካልተገናኘ አትደነቁ፣ የተለመደ ነው። በእግራችሁ ዞራችሁ ራሳችሁ ንድፍ ሥሩ።

ክፈቱና እዩ

መሰላል፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ማርከር፣ ስልክና ሶፍት ይበቃል። ከስልክ ጋር የሚገናኘው ቀጭን ካሜራ ለጠባብ ቦታ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይታመንም፤ አንድ ቀዳዳ አሳይቶ አጠገቡ ያለውን ሊያሳልፍ ይችላል። ኮርኒሱን ማንሳት የሚቻል ከሆነ አንሱት። ኤሌክትሪሺያን አብሯችሁ ከሌለ ኤሌክትሪክ ሻፍት ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ።

የኮሪደሩን ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ ተከተሉት። እስከ ስላቡ ድረስ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ ወይ የመጨረሻው ረድፍ ብሎኬት ይጎድላል፣ ወይ ልስኑ ኮርኒሱ ከፍታ ላይ ያቆማል። ለሳኙ «ከዚህ በላይ ማን ያየዋል?» ብሎ ነው። ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልተሞሉ ጭስ ያሳልፋል። መብራት አጥፉና አንድ ሰው በዚያኛው ክፍል ባትሪ ያብራ። ብርሃን ካያችሁ ጭሱም በዚያው ይመጣል።

ሻፍት ላይ አንዷን ነጠላ ሶፍት ቀዳዳው አጠገብ ያዟት። ወደ ውስጥ ከተሳበች ወይም ወደ እናንተ ከተገፋች አየር እየሄደ ነው። ሻማ ወይም ዕጣን ግን በፍጹም አይቅረብ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1975 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኞች የኬብል መተላለፊያ ላይ አየር ማለፉን በሻማ ነበር የሚፈትሹት። ነበልባሉ ቀዳዳው የታሸገበትን ፎም ለኮሰው። እሳቱ ከ1,600 በላይ ኬብሎችን አበላሽቶ ለመጥፋት ከ7 ሰዓት በላይ ፈጀ። የማሸጊያውን ክፍተት ሲፈልጉ ማሸጊያውን አቃጠሉት። እኛም ሕንፃዎች ውስጥ የምናገኘው ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ ያው ፎም ነው።

መዝግቡ

ለያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በማርከር ጻፉት፣ ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለቱም ጎን። ኤክሴል ይሁን ደብተር ግድ የለም።

ምን ይቅደም?

ደረጃው። ሰው የሚወጣው በእሱ ስለሆነ። ቀጥሎ ሻፍቶቹ፣ ምክንያቱም በየፎቁ ያልተዘጋ ሻፍት የጭስ ማውጫ ሆኖ ጭሱን ከምድር ቤት እስከ ላይ ይወስደዋል። ከዚያ ጀነሬተር ክፍልና ማብሰያ። የቢሮ መከፋፈያ ግድግዳ መጨረሻ ይድረስ።

በጀት እስኪፈቀድ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ሻፍት ውስጥና ደረጃ ሥር የተከማቸውን ካርቶን፣ የተሰበረ ወንበርና የቀለም ቆርቆሮ ዛሬውኑ አስወጡ። ይህ ወጪ የለውም።

አደፋፈኑ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያ ፎም ይቅር። ተራው ቢጫ ፎም ራሱ ይቃጠላል። «ፋየር» ተብሎ የሚሸጠው ፎምም ቢሆን ለጠባብ መጋጠሚያ እንጂ ኬብል ታጭቆበት ለሚያልፍ ሰፊ ቀዳዳ አይደለም። ማሸጊያ ስትገዙ የፍተሻ ወረቀቱን ጠይቁ። በየትኛው ዓይነት ግድግዳ፣ በምን ያህል ስፋት ባለው ቀዳዳ፣ ለስንት ደቂቃ እንደተፈተነ ይጽፋል። ሻጩ ወረቀት ከሌለው የሚሸጥላችሁ ቀይ ቀለም ያለው ሲልኮን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የብሎኬቱ ጣጣ። የኛ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ቧንቧ ወይም ኬብል ለማሳለፍ ሲበሳ ቀዳዳው በዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ሠራተኛው ፊቱ ላይ ማሸጊያ ቀብቶ፣ በጣቱ አለስልሶ፣ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶው ያምራል። አንድ ሕንፃ ላይ እንዲህ የተሠራውን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። የማሸጊያው ውፍረት ከብስኩት አይበልጥም፣ ከጀርባው አየር ብቻ። እንዲህ ያለው ነገር ሲሞቅ ይወድቃል። ጭሱም በአንዱ ፊት ገብቶ በብሎኬቱ ሆድ በኩል በሌላ ቀዳዳ ሊወጣ ይችላል።

ትክክለኛው አካሄድ ሌላ ነው። የላላውን ስብርባሪ አራግፉ። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ፣ አለበለዚያ ማሸጊያው አይዝም። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የብሎኬቱን ሆድ በሲሚንቶ ሞርታር ሙሉና ጠርዙን አስተካክሉ። በተረፈው ክፍተት ሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ የማይቃጠል ጥጥ መሰል ነገር) አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ። ከዚያ ማሸጊያውን ወረቀቱ ባዘዘው ውፍረት በሁለቱም ፊት አድርጉ። ሲደርቅ በአውራ ጣት ግፉት። እኔ ሁለቱንም ጎን ሳላይና ሳልገፋ ክፍያ አልፈርምም።

የፒቪሲ ቧንቧ ደግሞ ዙሪያውን ብታሽጉትም ችግሩ ራሱ ቧንቧው ነው። ይቀልጣል። 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ሲቀልጥ 110 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይተዋል። መፍትሔው ፋየር ኮላር የሚባለው የብረት ቀለበት ነው። ውስጡ ያለው ነገር ሲሞቅ አብጦ የሚቀልጠውን ቧንቧ ጨፍልቆ ይዘጋዋል። ስላብ ላይ ከሆነ ከታች በኩል፣ ግድግዳ ላይ ከሆነ በሁለቱም ፊት ይታሰራል። በፕላስቲክ ፊሸር ግን እንዳይታሰር። ፊሸሩ ቀድሞ ቀልጦ ኮላሩን ይጥለዋል። የብረት ማሰሪያ ይሁን።

ኬብል በጥቅል ካለፈ ጥቅሉን ፍቱት። ዙሪያውን ብቻ ብታሽጉ ጭሱ በኬብሎቹ መሀል ያልፋል። ማሸጊያው በመሀላቸው ይግባ። ነገ ሌላ ኬብል መምጣቱ ስለማይቀር፣ አንድ ሁለት የብረት ቱቦ አስቀምጣችሁ አፋቸውን እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ድፈኑ።

ሻፍቱን በየፎቁ መዝጋት ሲሆን መሐንዲስ ይየው። ሮክዉል ሰሌዳ ላይ ሰው ቢቆም በሻፍቱ ሊወድቅ ይችላል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ፌሮ ተዘርግቶበት ሰው የሚሸከም ይሁን።

በሮቹ

የደረጃው በር ከለቀቃችሁት በኋላ ራሱ ተመልሶ እስከ መቆለፊያው መዘጋት አለበት። በሩን መልሶ የሚዘጋው ክሎዘር ከተነቀለ አስመልሱ። በሩን በድንጋይ ወይም በእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ወጥሮ መያዝ ይቁም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ 72 ሰው የሞተበት የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ በፍጥነት የተዛመተበት ዋና ምክንያት የሕንፃው የውጭ ልባስ ነበር። ነገር ግን የብዙ አፓርታማ በሮች ራሳቸውን ባለመዝጋታቸው ጭሱ ወደ ኮሪደሩ እንደወጣ ምርመራው አረጋግጧል። ሐበሾችም ይኖሩበት የነበረ ሕንፃ ነው።

በክፈፉና በበሩ መሀል ያለው ክፍተት 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ከዚያ በጣም ከሰፋ አናጺ ጥሩ።

እንደገና እንዳይበሳ

የደፈናችሁትን ሁሉ የሚያበላሸው የሚቀጥለው ድሪል ነው። የኢንተርኔት ገመድ ዘርጊ ይመጣል፣ ይበሳል፣ ይሄዳል። ኤሲ ገጣሚም እንደዚያው። ስለዚህ ጥበቃው ጋ አንድ ቅጽ ይቀመጥ። የት እንደሚበሳ፣ ማን እንደሚደፍነውና ፎቶው ለማን እንደሚላክ ይጻፍበት። ያለ ቅጹ ድሪል አይግባ። ከተከራይ ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥም አንድ መስመር ጨምሩበት። የመደፈኛው ወጪ ከማስያዣው ላይ እንደሚቆረጥ ሲያውቁ ቅጹን ሳይሞሉ ድሪል አያስገቡም።