«መጽሐፉ የለም» ከማለታችሁ በፊት

ከዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ሰበቡ ሁሌም አንድ ነው፤ «የለም»። ብዙ ጊዜ ግን አለ። ስህተቱ አፈላለጉ ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት የጥሪ ቁጥርን፣ ማለትም የመጽሐፉን የመደርደሪያ ቦታ የሚናገረውን ቁጥር፣ እንደ ተራ ቁጥር ማንበብ ነው። መጻሕፍትን እንደየጉዳያቸው በቁጥር በሚከፍለው በዲዊ አመዳደብ በሚሠራ ላይብረሪ 330.15 የሚል መጽሐፍ ፈለጋችሁ እንበል። መደርደሪያው ላይ 330.9 አያችሁ። 15 ከ9 ይበልጣል ብላችሁ ወደ ፊት ቀጠላችሁ። አታገኙትም። ከነጥቡ በኋላ ያለው አስርዮሽ ስለሆነ .15 ከ.9 ያንሳል፤ መጽሐፉን አልፋችሁት መጥታችኋል። ከቁጥሩ ሥር ያሉትን ፊደላትም አትዝለሉ። ሙሉውን በስልክ ፎቶ አንሱትና ተገላገሉ።

ካታሎግ ላይ በአንድ ቃል ብቻ ፈልጎ ተስፋ መቁረጥም አለ። ላይብረሪዎች ለአንድ ጉዳይ አንድ የተወሰነ መጠሪያ ይመርጣሉ። እናንተ «ሃርት አታክ» የምትሉትን የሕክምናው የርዕስ ዝርዝር «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ይለዋል። መላው ቀላል ነው፤ አንድ የሚሆናችሁ መጽሐፍ ስታገኙ ካታሎጉ ላይ የመጽሐፉን ዝርዝር መረጃ ክፈቱና እዚያ የተጻፈውን የርዕስ መጠሪያ ተጫኑት። ወንድም እህቶቹ ተከታትለው ይመጣሉ።

ለጆርናል ጽሑፍ ከኪስ መክፈል ደግሞ ያስቆጫል። እኔም አንዴ ከፍዬ አውቃለሁ፤ ለካ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ከፍሎበታል! ከቤት ስትሆኑ በላይብረሪው ገጽ በኩል በመለያችሁ ግቡ። እዚያም ከሌለ ከሌላ ላይብረሪ በውሰት እንዲያስመጡላችሁ ጠይቁ።

ቤተ መዛግብት ሲገባ ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ተመራማሪም የሚደናበረው እዚህ ነው። መጽሐፍ በርዕሰ ጉዳይ ይደረደራል። መዝገብ ግን የሚቀመጠው ባመነጨው ሰው ወይም ቢሮ ስም ነው። ስለ ተማሪዎች መኖሪያ ግንባታ የምታጠኑ ከሆነ «መኖሪያ» የሚል ሣጥን ላይኖር ይችላል። ይልቅ «ስለዚህ ጉዳይ ማን ለማን ይጽፍ ነበር?» በሉ። ምናልባት ደብዳቤዎቹ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ወረቀቶች መካከል ይሆናሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የስብስቡን ዝርዝር መግለጫ አንብቡ። ሣጥኖቹን ቀድማችሁ እዘዙ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጡት። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ አያስገቡም። በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ብቻ ከሣጥኑ አውጡ፤ ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ ቢመስላችሁም አታስተካክሉት፤ ያ ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው። ፎቶ ማንሳት ከተፈቀደ ደግሞ መጀመሪያ የሣጥኑንና የፋይሉን ቁጥር አንሱ። አለበለዚያ ምንጫቸው የማይታወቅ 200 ፎቶ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ላይብረሪያኑን የጽሑፋችሁ ማስረከቢያ ሲደርስ ብቻ ማስታወስ? እሱም ያው ስህተት ነው። ስትጠይቁም «ኢኮኖሚክስ የት ነው?» አትበሉ። የምትጽፉትን ጉዳይና እስካሁን የፈለጋችሁባቸውን ቃላት ንገሯቸው።

ካታሎጉ «መደርደሪያ ላይ አለ» እያለ መጽሐፉ ከቦታው ቢጠፋስ? አጠገቡ ያሉትን መደርደሪያዎች፣ ተመላሽ መጻሕፍት የሚጫኑበትን ጋሪም እዩ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሰወረው አንድ ቅን አንባቢ «ልመልሰው» ብሎ የተሳሳተ ቦታ ስለሸጎጠው ነው። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ተዉት።