ዜናው ሳይዋሽም ይሸውደናል

ባለፈው ደብረ ብርሃን፣ አስፋልት ዳር ካለች ጀበና ቡና ቤት ብርዱን እያስታገስኩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ስለ ነዳጅ ያወራል፤ «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» አለ። አጠገቤ ጋቢ የደረቡ አባት ቀና ብለው «እሰይ፣ ተስተካከለ እንዴ?» አሉ። የምትቀዳው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኧረ አባባ፣ ጨመረ ማለት ነው!» ዜና ስንሰማ እንዲህ የሚያሸውዱን ስህተቶች አሉ፤ እነሆ።

«እውነት ነው ውሸት?» ብሎ ማቆም

አብዛኛው ሰው ዜና ሲሰማ የሚጠይቀው ይህችን ብቻ ነው። የነዳጁ ዜና ግን ውሸት የለበትም። ቃሉ ነው የተመረጠው።

ግሱን ሳያዩ ማለፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩና የመኪኖቹን ፍጥነት እንዲገምቱ ጠየቁ። ጥያቄው ላይ ለ50ዎቹ «ሲጋጩ» አሏቸው፣ ለሌሎች 50 ደግሞ «ሲላተሙ» እንደማለት ያለ ጠንከር ያለ ቃል ሰጧቸው። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 7፣ ከሁለተኛዎቹ 16 ሰዎች አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ ምንም የተሰበረ መስታወት አልነበረም!

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ የደረሰ አደጋ አስቡ። «አይሱዙ ከሚኒባስ ጋር ተጋጨ» ሲባልና «አይሱዙ ሚኒባስ ጨፈለቀ» ሲባል አንድ አይደለም። በሁለተኛው የአይሱዙው ሾፌር ትራፊክ ፖሊስ ሳይደርስ ተፈርዶበታል።

«ማን?» አለማለት

«እርምጃ ተወሰደ»፣ «ተገለጸ»፣ «ጉዳት ደረሰ»። ማን ወሰደ? ማን ገለጸ? ማን አደረሰ? አማርኛችን አድራጊውን ለመደበቅ ይመቻል፤ ብዙ ጊዜ አንዲት «ተ» ትበቃለች።

ያልተወራውን መርሳት

ለኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አዲስ አበባ ላይ ሲወደድ ካሜራው ገበያ ይወጣል፣ ሸማቹ ያማርራል፣ ነጋዴው ይወቀሳል። ዋጋው ወድቆ ገበሬው የለቀማ ወጪውን እንኳ ሳይሸፍን ሲቀር ግን፣ እኔ እስከማየው፣ ወሬው እምብዛም አይሰማም። ዓመቱን ሙሉ ግማሹን ብቻ የሰማ ከተሜ ገበሬውን ስግብግብ ቢለው ምን ይገርማል? ማንም አልዋሸውም እኮ። ማክስዌል ማኮምስ እና ዶናልድ ሾው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ቻፕል ሂል ከተማ ውስጥ ማንን እንደሚመርጡ ያልወሰኑ 100 ሰዎችን ጠይቀው ያገኙት ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ ሰዎቹ «ዋና ጉዳይ» ያሉት ሚዲያው ደጋግሞ ያወራውን ነበር።

በፐርሰንት መደንገጥ

«በ100 ፐርሰንት ጨመረ» ካሉ መነሻውን ጠይቁ። ከ2 ወደ 4ም 100 ፐርሰንት ነው።

የማንወደውን ጣቢያ ብቻ መመርመር

በዚህኛው እኔም አለሁበት። የምጠላው ጣቢያ ሲያወራ ቃል በቃል እፈትሻለሁ፤ የምወደው ሲሆን ርዕሱን አይቼ ቶሎ ሼር። ባለፈው እንዲሁ አንዱን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። ደብረ ሲና ያለችው አክስቴ ወዲያው ጻፈች፦ «አንተ ልጅ፣ ታች ያለውን አንብበኸዋል?»

አላነበብኩትም ነበር።