የመኪና ኤሲ ጋዝ እንዴት በጥንቃቄ ይሞላል?

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስንወርድ ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም ብዙዎቻችን «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላልኝ» እንላለን። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው የኤሲ ጋዝ፣ አር-134ኤ፣ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። አንድ መካኒክ ማገናኛውን በባዶ እጁ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጭ ጉም ቡልቅ አለ። ጣቶቹ አመዳይ ለበሱ፤ ቆይቶ እሳት እንደነካው ሰው ውሃ ቋጠሩ። ዓይኑን ቢያገኘውስ ኖሮ?

ስለዚህ ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽርና ወፍራም ጓንት ሳያደርጉ ምንም አይንኩ። ነፋሻ ቦታ ይምረጡ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ሽታውም እምብዛም ነው። ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ከተኛ ታች ያለውን ሰው ሳይታወቀው አየር ያሳጥረዋል። አጠገቡ ሲጋራም ብየዳም አይኑር፤ ነበልባል ሲያገኘው ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ይወጣዋል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው ምልክቱን ያንብቡ። የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፏል። አዳዲስ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ ይይዛሉ፤ እሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሁለቱን ጋዞች አይቀላቅሉ። በርካሽ ቡታጋዝ ልሙላልህ የሚል ካለ እሺ አይበሉ። የኤሲው አንዱ ክፍል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው ያለው፤ ካፈሰሰ እርስዎና ልጆችዎ የተቀመጡበት ውስጥ ነው የሚገባው።

አሮጌው ጋዝ በማሽን ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይግባ። አየር ላይ መልቀቅ ነውር ነው። አንድ ኪሎ አር-134ኤ ምድርን የሚያሞቀው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች የተስማሙት እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ ነው።

የሚያፈስ ቦታ መኖሩ በናይትሮጂን ይፈተሻል። በኦክስጅን በፍጹም፤ ከኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ክፍል) ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ከዚያ ቫኪዩም ፓምፑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አየሩንና እርጥበቱን ይሳብ።

አሁን መሙላት። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ ሰማያዊው ዝቅተኛ ግፊት፣ ቀዩ ከፍተኛ ግፊት ነው። ሞተር ተነስቶ እያለ ቀዩ ቫልቭ አይከፈትም! ከተከፈተ የኮምፕሬሰሩ ግፊት ወደሚሞላው ጋዝ ጣሳ ይመለስና ጣሳው እጅዎ ላይ ይፈነዳል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቫልቩን ከመንካትዎ በፊት ቀለሙን ሁለቴ ይዩ። በሰማያዊው በኩል፣ ጣሳውን ቀጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው ያስገቡ። ጣሳው ቢቀዘቅዝ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ እሳት አያስጠጉት። ልኩን ሚዛን ይንገርዎ። በዓይን ግምት የተሞላ ትርፍ ጋዝ ግፊቱን ያንረውና ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል።

ጋዙ ዓይን ከነካ አይሹት። ለብ ባለ ንጹህ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥቡና ወዲያው ወደ ሐኪም። የቀዘቀዘ ጣትም በሙቅ ውሃ ወይም በማሸት አይሞቅም፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቆይ።