መስሚያው ሲያፏጭ ድምፁን አይቀንሱ፦ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከጆሮ ጀርባ የሚውል መስሚያ ሲያስቸግር ብዙ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ፉጨቱ ይቆማል፤ ንግግሩም አብሮ ይጠፋና መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ጆሮ ውስጥ በሚገባው ሞልድና ሞልዱን ከመሣሪያው ጋር በሚያገናኘው ቱቦ ላይ ነው።

ያፏጫል

ከሞልዱ ያመለጠ ድምፅ ማይክሮፎኑ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ያፏጫል። መሣሪያውን እንደበራ አውልቀው የሞልዱን ቀዳዳዎች በጣት ግጥም አድርገው ይድፈኑ። ፉጨቱ ካቆመ ድምፁ የሚሾልከው በሞልዱና በጆሮው መካከል ነው፤ ወይም ኩክ እየመለሰው ነው። የሞልዱ የላይኛው ጫፍ በጆሮው እጥፋት ውስጥ መግባቱን ይዩ፣ ኩኩን ጤና ጣቢያ ያስወጡ። ሞልዱ ከላላ አዲስ ይሠራ፤ የልጆች ጆሮ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ ይላላባቸዋል እንጂ አይበረክትላቸውም።

ተደፍኖም ካፏጨ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም መሣሪያው ጫፍ ላይ ከሚያያዝበት መንጠቆ ላልቷል። ቱቦ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደርቃል፣ ይቢጫል። ሲቀየር ርዝመቱ ወሳኝ ነው፦ ካጠረ ሞልዱን ወደ ላይ ጎትቶ ከሥር ክፍተት ይከፍታል፣ ጆሮም ያሳምማል፤ ከረዘመ መሣሪያው ይወዛወዛል።

ጋቢ፣ ሻሽ ወይም ጥምጣም ጆሮን ከሸፈነም ደህናው መሣሪያ ያፏጫል። ጥምጣሙ ማይክሮፎኑን ሳይነካ ከጆሮ በላይ ይጠምጠም።

የራሴ ድምፅ ጋን ውስጥ እንዳለሁ ይጮኽብኛል

ጆሮው ተደፍኖ የራስ ድምፅ መውጫ ሲያጣ ነው። ባለሙያው በሞልዱ ውስጥ 1 ሚሊሜትር የአየር ቀዳዳ ይበሳል፣ ካልበቃ ወደ 2 ያሰፋል። ሰፊ ቀዳዳ ወፍራም ድምፅን ያባክናል፣ ፉጨትም ይጠራል፤ የመስማት ችግሩ ከባድ ለሆነበት ሰው አይመከርም።

ድምፁ ይቆራረጣል

በክረምት፣ በተለይ በጮቄ ብርድ፣ ከጆሮ የሚወጣው ሞቃት አየር ቱቦው ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ላብ ነው። ቱቦውን ከመንጠቆው ነቅለው በእጅ መንፊያ ይንፉት፤ የአፍ ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው። ማታ የባትሪውን በር ከፍተው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ካለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። ምድጃ ዳር አይቀመጥም።

ባትሪው አየር የሚጠቀም ዚንክ ከሆነ ተለጣፊውን ልጠው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ብርቱካናማው ቁጥር 13፣ ሰማያዊው 675 ነው። አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፍ አያድነውም።

ያምማል

ቀይ የሆነውን ቦታ ለባለሙያው ያሳዩ፤ የሚሞረደው እሱ ብቻ ነው። በቢላ መላግ ስለታም ጠርዝና አዲስ ማፏጫ ያተርፋል። መግል ካለ ሞልዱን አውልቀው ወዲያው ጆሮዎን ይታከሙ።