ጓንዡ ስትኖሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደቡብ ቻይናዋ ጓንዡ በሌሊት ያለ ስጋት የሚኬድባት ከተማ ናት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አፍሪካውያን ከሚበዙበት ከሻዎቤይ ሰፈር ወደ ወንዙ ብትወርዱ ዞር ብሎ የሚያያችሁ እንጂ የሚነካችሁ አይኖርም። አበሻ እዚህ ሲዘረፍ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። በወረቀት፣ በሰው ዕቃና በሰው ገንዘብ ጦስ ሲታሰርና ሲባረር ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሲም ካርዱም፣ የባቡር ትኬቱም፣ የባንክ ሒሳቡም በፓስፖርታችሁ ስም ነው የሚያዘው። ስማችሁ ያለበት ነገር ሁሉ የእናንተ ነው። "የሰው ነው" ብሎ ነገር አይሠራም።

የሰው ዕቃ መያዝ

ዋናው ይሄ ነው። ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ስልክ ይደወላል። ደዋዩ የጓደኛ ጓደኛ ወይም የአክስት ጎረቤት ነው። "ኪሎ አለሽ? ለእህቴ ትንሽ በርበሬና ሽሮ ነበር" ይላል። ዕቃው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ታሽጎ ይመጣል። ልጅቷን ይሉኝታ ይይዛትና ትቀበላለች። ውስጡ ጫት ቢሆንስ?

ጫት ከ2014 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ቻይና ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካሉ የተከለከሉ ዕፆች መዝገብ ገብቷል። እኛ አገር በየሰፈሩ በቀን ብርሃን ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ይሄን ሲነግሩት አያምንም። ደርቆ፣ ደቆ፣ "ሻይ ቅጠል" ወይም "ሽፈራው" ተብሎ ቢጻፍበትም ላቦራቶሪ ይለየዋል። አደንዛዥ ዕፅ ወደ ቻይና ማስገባት ደግሞ በሕጋቸው እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። "አላወቅኩም ነበር" የምትሉት እስር ቤት ሆናችሁ፣ በአስተርጓሚ ነው። ያኔ የሚሰማችሁ ሰው አታገኙም።

"ከፍቼ አይቼዋለሁ" የሚል ሰው አለ። ሻምፑው ውስጥ ያለውን እንዴት አየኸው? የጫማውን ሶል ገልብጠህ፣ የቡናውን ከረጢት አፍስሰህ አየህ? ስለዚህ ጨርሶ አትያዙ። ጠያቂው ይቀየማል። ይቀየም!

ይሄው ነገር በፖስታም ይመጣል። አንድ ተማሪ አውቃለሁ። "ቤት እየቀየርኩ ስለሆነ በአንተ አድራሻ ይላክልኝ" ተባለና ስሙንና ስልኩን ሰጠ። ካርቶኑን ሊቀበል ወደ ግቢው በር ሲወርድ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ጠበቁት። ዕቃው እጁ ላይ ገና እንደታሸገ ነበር። ያስላከው ሰውዬ በዚያው ሰዓት ስልኩን ዘጋ፤ ዊቻቱም (ቻይናዎች የሚጻጻፉበትና የሚከፍሉበት አፕ) ጠፋ። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

24 ሰዓቱን መርሳት

ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ራሱ ያስመዘግባችኋል። ሰው ቤት ወይም የተከራያችሁት ቤት ከገባችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ የራሳችሁ ግዴታ ነው፤ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ካልሄዳችሁ ቅጣቱ እስከ 2,000 ዩዋን ይደርሳል። ቪዛ ልታራዝሙ ስትሄዱም የምትጠየቁት ይህችኑ የምዝገባ ወረቀት ነው።

ቤት ስትከራዩ ይሄ ነገር ይመጣል። እዚህ የተለመደው የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ኪራይ አንድ ላይ መክፈል ነው። ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ ከገባ በኋላ አከራዩ "ፖሊስ ጣቢያ አልሄድም፣ የቤቱን ካርታ ኮፒም አልሰጥም" ይለዋል። ከዚያ ያለ ምዝገባ ተደብቆ መኖር ይጀምራል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምዝገባውን ጠይቁ፤ ካመነታ ሌላ ቤት ፈልጉ። ለጥቁር አላከራይም የሚል አለ፤ ይሄን ደብቄ አልነግራችሁም። በኤፕሪል 2020 በኮሮና ሰበብ አፍሪካውያን ከቤታቸውና ከሆቴል ተባረው ጎዳና ያደሩት እዚሁ ጓንዡ ነው። ስለዚህ የተፈረመ ኮንትራትና የከፈላችሁበት ደረሰኝ ሁልጊዜ በእጃችሁ ይኑር።

የቪዛ ጊዜ ማሳለፍ በቀን 500 ዩዋን ያስቀጣል፤ እስከ 10,000 ይደርሳል፤ እስርም አለው። "ሰኞ አስተካክለዋለሁ" አትበሉ።

በተማሪ ቪዛ ያለ ፈቃድ መሥራትም ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል። መዋዕለ ሕፃናት ማስተማሩም፣ ክለብ መጨፈሩም ሥራ ነው። ቀጣሪው "ምንም ችግር የለውም" ይላችኋል። የሚባረረው እሱ ስላልሆነ ነው።

ስም ላይ መቸኮል

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የእነሱ ፎርም የሚፈልገው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ነው። የስልክ ሱቁ ልጅ ሦስቱን ስም ያለ ክፍተት ገጥግጦ ይጽፈዋል። ባንክ ያለችው ደግሞ አያትን ታስቀድማለች። ዩኒቨርሲቲው ያባትን ይዞ አያትን ይተዋል። ከዚያ ዊቻት ከባንክ ካርዱ ጋር አልገናኝም ይላል፤ ስልክ ቁጥሩም የሌላ ሰው ነው ይባላል። አንዲት ልጅ በአንዲት ክፍተት ምክንያት ስኮላርሺፕ ብሯን ሳታወጣ ስንት ጊዜ ባንክ ተመላለሰች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ሲም ስታወጡ የሠራተኛውን ስክሪን አዙሩልኝ በሉ። ፊደል በፊደል፣ ክፍተቱን ጨምሮ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ። ፎቶ አንሱት። ቀጥሎ ባንክም፣ ባቡር ጣቢያም ያንኑ ፎቶ አሳዩና ልክ እንደሱ ይጻፍ።

ገንዘብ

የክፍያ አፖቹን አሊፔይንና ዊቻትን አዲስ አበባ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። አዲስ የዊቻት አካውንት አንዳንዴ የነባር ተጠቃሚ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ኤርፖርት ቆማችሁ ያን ሰው ከየት ታመጡታላችሁ? ከ2023 ወዲህ የውጭ ባንክ ቪዛ ካርድና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። እስከ 200 ዩዋን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆርጣሉ። ዝርዝር ብር ግን ከኪሳችሁ አይጥፋ።

መንገድ ላይ ዶላር መመንዘር ከባንክ ሻል ያለ ዋጋ ያስገኛል። ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መንዛሪው ዩዋኑን በባንክ ወይም በዊቻት ይልክላችኋል። ያ ገንዘብ ከተጭበረበረ ሰው የመጣ ከሆነ ፖሊስ ዱካውን ተከትሎ የእናንተን ሒሳብ ያግዳል። ለፋብሪካ የምትከፍሉት ብር እዚያው ታግቶ ይከርማል። ነጋዴ ወንድሞቼ ኮንቴይነራቸው ሳይጫን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የከፋው ደግሞ "ካርድህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ገንዘብ ይግባበት" የሚለው ነው። የማጭበርበር ገንዘብ እንደሚያልፍበት እያወቃችሁ ካርዳችሁን ከሰጣችሁ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። የገዛ ወንድማችሁ ቢጠይቅም አይሆንም በሉ።

ማታ ሲወጡ

ሜትሮው ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዲዲ ነው፤ በአፕ የሚጠራ ታክሲ። የሰፈራችሁን አድራሻ በቻይንኛ ተጽፎ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ስትገቡም ታርጋውን አመሳክሩ።

አዲስ የመጣ ልጅ በጣም የሚደሰተው በነፃ ጠረጴዛ ነው። ክለቦች በፈረንጅና በአፍሪካዊ መታየት ስለሚወዱ አስተባባሪዎች በዊቻት ግሩፕ ይጠሩና ጠርሙስ በነፃ ይደረድራሉ። በነፃ የሚቀዳው ውስኪ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያረጋግጥላችሁም። ፖሊስ ፍተሻ ከገባ ፓስፖርት ይጠይቃል፤ ሽንትም ይመረምራል። ዕፅ ከተገኘባችሁ እስከ 15 ቀን ታስራችሁ ትባረራላችሁ። ጠርሙሱን የምትገዙበት ቤት ሂዱ፤ ፓስፖርታችሁንም ያዙ።

በአፕ የተዋወቃችኋት ልጅ የምትገናኙበትን መጠጥ ቤት ራሷ ከመረጠች ተጠንቀቁ። ዋጋ ዝርዝር ሳይመጣ ወይን ይከፈታል፤ ሒሳቡ ሲመጣ የወር ኪራይ ያህላል። ቤቱን እናንተ ምረጡ።

ጠብ! ስለዚህ ስንቴ ልናገር? አንዱ ሰክሮ ይሰድባችኋል፣ ወይም ፀጉራችሁን ይነካል። ያናድዳል፤ አውቃለሁ። ከተማታችሁ ግን ማን ጀመረ የሚለው ብዙ አይጠቅምም። ሁለታችሁም ጣቢያ ትገባላችሁ፤ ካሳ ክፈሉ ትባላላችሁ። እሱ ቤቱ ይገባል። እናንተ የቪዛ ጉዳይ ይጠብቃችኋል። ካሜራ በየማዕዘኑ ስላለ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ራቅ በሉና 110 ደውሉ።

ከዕቃ አቅራቢ ጋር እራት ስትበሉ "ጋንቤ" እየተባለ ብርጭቆ ይገለበጣል። የሩዝና የማሽላው አረቄያቸው ብዙ ጊዜ ከ50 በመቶ በላይ አልኮል አለው። የማትጠጡ ከሆነ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ፤ ሁለት ከጠጡ በኋላ እምቢ ማለት ነው የሚያስቀይመው። ሻይ ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ። የጓንዡ ሰው አመሰገነኝ ይላል፤ ፊቱ ሲፈካም ታያላችሁ።

ጾም ላይ ያላችሁ፣ አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁት በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል። የቡድሂስቶቹን የአትክልት ምግብ ቤቶች ፈልጉ። አሳማ ለማትበሉ የሙስሊሞቹ የኑድል ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ምሽታችሁን ደግሞ ክለብ ብቻ ላይ አትጨርሱት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የመንገድ ዳር ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀምጣችሁ፣ ነጭ ሽንኩርት የተደፋበት ኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ከሰል ላይ ሲንጫጫ እያያችሁ ቢራ ጠጡ። እኔ ይችን ከተማ የወደድኳት እዚያ ነው።

ያልገባችሁ ወረቀት ላይ መፈረም

ጣቢያ ከገባችሁ በቻይንኛ የተጻፈ ቃል ያቀርቡላችኋል። ቶሎ ለመውጣት ብለው የሚፈርሙ ልጆች አሉ። ፊርማው በኋላ አይነሳም። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሌሊቱን እዚያው ብታድሩም ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጓንዡ ውስጥ አለ፤ ቆንስላዬ ይነገርልኝ የማለት መብት አላችሁ። የቆንስላውን ቁጥርና የኢሚግሬሽኑን 12367 ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፉ። ጣቢያ ስትገቡ ስልካችሁን ይወስዱታል።